የቡዴ ጨጓራ

ኢንዳርቲ ወደ ሥራ ከመግባቷ በፊት አክስቷን ለማየት ጎራ ስትል፣ የአክስቷ ክፍል እየተለካ ነበር። አጎቷ ሱገንግ ተንበርክኮ የሜትሩን ጫፍ ከግድግዳው ሥር ይዟል፤ ሚስቱ ዳርሲ ሌላውን ጫፍ ይዛ ወደ መስኮቱ ታፈገፍጋለች። በመካከላቸው፣ አልጋው ጠርዝ ላይ፣ የክፍሉ ባለቤት ቡዴ ካስሚያቲ ተቀምጠዋል። ሜትሩ በሥራቸው እንዲያልፍ ሁለት እግራቸውን እንደ ሕፃን ልጅ ከመሬት አንስተው ይዘዋል።

«ሁለት ሜትር ከሰባ» አለች ዳርሲ።

«ስልሳ ስምንት በዪው» አሉ ቡዴ፣ እግራቸውን ሳያወርዱ። «ያ ጥግ ጠማማ ነው። በሰባ ካሠራችሁት ቁም ሳጥኑ አይገባላችሁም፤ በር ላይ ተገትሮ ነው የሚቀረው።»

ዳርሲ ስልሳ ስምንት ብላ መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈች። ሱገንግ ሜትሩን ጠቅልሎ፣ ኢንዳርቲን በዓይኑ ሰላም ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ ወጣ። ባሕሩ በየዓመቱ ወደ ሰፈሩ ስለሚገባ የቤቱ ወለል ሦስት ጊዜ በአፈርና በሲሚንቶ ከፍ ተደርጓል፤ ጣሪያው ግን እዚያው ነው። መስኮቶቹ ከጉልበት አያልፉም፤ ከቤቱ ሰው በየበሩ ቀጥ ብለው የሚያልፉት አጭሯ ቡዴ ብቻ ናቸው። ኢንዳርቲ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለውን ቁርስ እንደያዘች ቆማ ቀረች። ቁም ሳጥኑ ለማን እንደሆነ ታውቃለች። የሱገንግ ልጅ ከጾሙ በኋላ ያገባል፤ ሙሽሮች ክፍል ይፈልጋሉ፤ ቤቱ ያለው ሦስት ክፍል ነው። ቡዴ ውስጡ ተቀምጠው ሳለ ክፍሉ ይለካል ብላ ግን አላሰበችም።

ከሁለት ወር በፊት ከቡዴ ጨጓራ ላይ የብርቱካን ያህል ዕጢ ተቆርጦ ወጥቷል። ቁስሉ ደርቋል፤ ሩዝም መብላት ጀምረዋል። ለቡዴ የተነገራቸው እዚህ ድረስ ነው። የቀረው፣ ማለትም ዕጢው የጡንቻ ካንሰር መባሉ፣ ጉበታቸው ላይ ሁለት ነጠብጣብ መታየቱ፣ ሐኪሙም «ቤት ውሰዷቸውና ያማራቸውን አብሏቸው» ማለቱ፣ በሆስፒታሉ ኮሪደር ለሱገንግ ተነግሮ፣ ከሱገንግ ወደ ዳርሲ፣ ከዳርሲ ወደ ኢንዳርቲ በሹክሹክታ አልፎ እዚያው ቆሟል። ቡዴ ማለት በአገሩ ቋንቋ ትልቋ እናት ማለት ነው፤ ለእነዚህ ሰዎች ደግሞ ስም ብቻ አይደለም። እናታቸው ስትሞት የስምንት ዓመት ወንድማቸውን ሱገንግን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ከዓመታት በኋላም የእህታቸውን ልጅ ኢንዳርቲን። አላገቡም። ሠላሳ አንድ ዓመት በሴቶች ትምህርት ቤት ስፌት አስተምረው ጡረታ ወጡ።

ሱገንግና ዳርሲ ወደ ጓሮ ሲያልፉ ቡዴ እግራቸውን አወረዱና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ማቀዝቀዣው አናት ላይ፣ ከድሮ ባትሪዎች ሥር፣ ቡናማ ፖስታ አለ። አምጪው።»

ፖስታው ውስጥ ሁለት የመስታወት ስላይድና ጣት የምታህል የሰም ጡብ ነበሩ። በሰሙ መካከል ነጣ ያለ ቁራጭ ሥጋ ይታያል። ኢንዳርቲ ወዲያው አወቀችው፤ አሥራ ሰባት ዓመት በእጇ ያልያዘችበት ቀን የለም። በአንድ የከተማው ሆስፒታል የፓቶሎጂ ክፍል ውስጥ ሥራዋ ይሄው ነው፦ ከሰው የወጣውን ሥጋ ሰም ውስጥ ማስቀመጥ፣ ከፀጉር ቀጭን አድርጎ መቁረጥ፣ ቀለም ውስጥ ነክሮ ለሐኪሙ ማቅረብ። ይህንኑ ሰም አጎቷን ጠይቃው ነበር። «ሆስፒታሉ ጋ ቀረ» ነበር ያላት።

«የኔ ነው አይደል?» አሉ ቡዴ።

«የእርስዎ ነው።»

«እንግዲህ ያንቺ ሥራ ነው። ልብሴን እስክቀይር ጠብቂኝ፤ እኔም እመጣለሁ።»

«ቡዴ፣ እዚያ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ መዋል ነው እኮ።»

«እዚህስ ምን እየሠራሁ ነው? እግሬን እያነሳሁ።»

በሚኒባሱ ውስጥ ቡዴ ፖስታውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ፀሐይ እንዳያገኘው በሻሻቸው ጫፍ ሸፍነው ሄዱ። ስለ በሽታው አንድ ቃል አላወሩም። ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወሩ፤ ስለ ሾፌሩ ሸሚዝ ኮሌታ አወሩ፤ ኮሌታው ተገልብጦ ነው የተሰፋው አሉ። ኢንዳርቲ ያንን እያዳመጠች በልቧ ሌላ ነገር ታሰላስል ነበር። ከጨጓራ የሚወጣ፣ ጡንቻ የሚመስል፣ ግን ጡንቻ ያልሆነ ሌላ ዕጢ አለ። በተለመደው ቀይና ሰማያዊ ቀለም ብቻ ሲታይ ሁለቱ እንደ መንትያ ናቸው። የሚለያቸው ሌላ ቀለም ነው፤ ያ ቀለም በየሆስፒታሉ የለም። ለጡንቻው ካንሰር፣ እዚህ ደረጃ ከደረሰ፣ የሚደረገው ጥቂት ነው። ለሌላው ግን ኪኒን አለ። ተስፋ ማድረግ አልፈለገችም፤ ሆኖም ከሚኒባሱ ስትወርድ የገንዘቧን መልስ መቀበል ረሳች።

ዶክተር ዊራናታ ጡረታ ሊወጡ አራት ወር የቀራቸው፣ ማይክሮስኮፕ ላይ ሆነው ኦቾሎኒ የሚቆረጥሙ፣ ለዚህም በየሳምንቱ ከጽዳት ሠራተኛዋ ጋር የሚጣሉ ሰው ናቸው። ኢንዳርቲ ፖስታውን አሳየቻቸው። ስለ አክስቷ ሰምተው ስለነበር ብዙ አላስረዳቻቸውም።

«በሽተኛዋ ታውቃለች?» አሉ።

«ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠዋል፣ ዶክ።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም።»

ዶክተሩ ተነሥተው ራሳቸው የስምምነት ፎርሙን ይዘው ወጡና ቡዴ አጠገብ ተቀመጡ። «መምህርት» አሏቸው፣ «ይሄ ወረቀት ዕጢዎን እንደገና እንድመረምር የሚፈቅድልኝ ነው። ያገኘሁትን ለእርስዎ ነው የምነግረው፤ ለወንድምዎም፣ ለዚህችም አይደለም። እንዲህ ከሆነ ይስማማዎታል?» ቡዴ መነጽራቸውን አውጥተው ፎርሙን ከላይ እስከ ታች አነበቡ፤ ፊደል የተሳሳተበትን ቦታ በጣታቸው አሳዩአቸውና ፈረሙ።

ዶክተሩ አሮጌዎቹን ስላይዶች ደጋግመው አዩ። ኢንዳርቲን ጠርተው በሁለተኛው መመልከቻ እንድታይ አደረጓት። ሕዋሳቱ ረጃጅምና ቀጫጭን ናቸው፤ እንደ ተፈተለ ክር በጥቅል በጥቅል ሆነው አንዱ ጥቅል ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ጎን ይፈስሳል። «ጡንቻ ነው ያለው ሰው አይፈረድበትም፤ ይመስላል» አሉ ዶክተሩ። «ግን ጡንቻ ደመቅ ያለ ሮዝ ነው፤ አስኳሉም ጫፉ ደልደል ይላል። ይሄ ፈዘዝ ይላል። እዚህ ጋ እዪ፣ ከአስኳሉ ጎን ነጭ ነጠብጣብ አለች፤ እዚህም። ይህችን ነጠብጣብ አልወደድኳትም፤ ማለቴ፣ ወደድኳት፤ የሌላኛው ዕጢ ምልክት ትመስላለች።» ቀጥለውም የሚከፋፈሉ ሕዋሳትን ቆጠሩ። በተወሰነው ስፋት ውስጥ አሥራ አንድ አገኙ። ከአምስት በላይ ከሆነ ዕጢው ቁጡ ነው ማለት ነው። ይህን ሲናገሩ ኦቾሎኒውን ወደ ጎን ገፉት። «የትኛውም ቢሆን ገራም አይደለም፣ ኢንዳርቲ። ቀለሙን ሥሪው።»

ሠራችው። ሰሙ ከማቀዝቀዣው አናት ሙቀት የተነሣ ለስልሶ ነበርና በረዶ ላይ አጠነከረችው፤ ቆረጠች፤ ቅጠል የመሰለችውን ስስ ቁራጭ ለብ ባለ ውኃ ላይ አንሳፍፋ በመስታወት አነሳች። ከዚህ በኋላ ስላይዱ ምድጃ ውስጥ አንድ ሰዓት መድረቅ ነበረበት። የሌላ ሰው ቢሆን አንድ ሰዓት ታደርቀው ነበር። ሃያ ደቂቃ አቆየችውና፣ ቀለሙ ሥጋው ውስጥ እንዲገባ ወደሚቀቀልበት የእንፋሎት ድስት ከተተችው። ከገበያ የተገዛች፣ ባቄላ የሚቀቀልባት ዓይነት ድስት ናት፤ በላቦራቶሪው የምታፏጨው እሷ ብቻ ናት። ድስቷ ቀዝቅዛ ክዳኑ ሲነሣ ስላይዱ ባዶ መስታወት ነበር። ሥጋው ተላቆ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተጨማድዶ ውኃው ላይ ይንሳፈፋል።

ኢንዳርቲ ባዶውን መስታወት ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ቡዴ የጽዳት ሠራተኛዋን የሥራ ልብስ ጭናቸው ላይ አድርገው የተፈታ ጠርዙን ይጠቅማሉ፤ ሠራተኛዋ በቲሸርት ቆማ ትጠብቃቸዋለች።

«አበላሸሁት» አለች ኢንዳርቲ። «ቸኮልኩ።»

«ጨርቁ አልቋል?»

«አላለቀም።»

«እንግዲያ ምን ያቁነጠንጥሻል? ፍቺና ድጋሚ ስፊው።» ቡዴ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። «አሥራ ስምንት ዓመት ለሞላቸው ልጆች ይህንኑ ስል ነው ጨጓራዬ የተላጠው። ሐኪሞቹ ምክንያቱን ቢጠይቁኝ እነግራቸው ነበር።»

ሁለተኛውን ስትቆርጥ እጇ ረጋ ብሎ ነበር። አንድ ሰዓት አደረቀችው። ድስቷ ስታፏጭ ስልኳ ጮኸ፤ ሱገንግ ነው።

«እትዬን የት ወሰድሻት?»

«እኔ ጋ ናቸው።»

«ማን ፈቀደልሽ?»

«እሳቸው» አለች ኢንዳርቲ። ከሌላው ጫፍ ሞተር ሳይክል ሲነሣ ተሰማና ስልኩ ተቋረጠ።

ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ሱገንግ መጣ። የራስ ቁሩን እንኳ ሳያወልቅ በኮሪደሩ ጫፍ ቆሞ ቆየና መጥቶ እህቱ አጠገብ ተቀመጠ፤ በመካከላቸው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ክፍተት ትቶ። ኢንዳርቲ በመስታወቱ በር እያየች ስላይዱን ታጥባለች። ሱገንግ ግድግዳው ላይ ያለውን የእጅ መታጠብ ሥዕል ያያል፤ ቡዴ ጫማቸውን ያያሉ። በኋላ ቡዴ የምሳ ዕቃቸውን ከፍተው ሩዙን በማንኪያ ለሁለት ከፈሉት፤ እንቁላሉን ወደ እሱ ጎን አደረጉት። ሱገንግ የራስ ቁሩን አውልቆ በላ። ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ አጎንብሶ ሲበላ ከኋላው ሲያዩት ግን የአንገቱ አቀማመጥ ከትምህርት ቤት እንደመጣ ልጅ ነው።

«ዱሪያኑን» አሉ ቡዴ በመጨረሻ፣ «ስንት ነበር የምትገዛው?»

«ሰማንያ ሺህ ሩፒያ። አንዳንዴ ዘጠና።»

«ለራስህ ጫማ ለመግዛት ሦስት ሱቅ የምትዞር ሰው ነህ። በየሁለት ቀኑ ያንን ግማታም ፍሬ ይዘህልኝ ስትመጣ፣ እንደምሞት ያኔ ነው የገባኝ።»

ሱገንግ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ሰሙን የደበቅኩት» አለ፣ «ሌላ ሐኪም ያንኑ ነገር ሲደግመው መስማት ስላልቻልኩ ነው። አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ እትዬ። ብቻዬን ነው የሰማሁት። ክፍሉንም የለካነው... ዳርሲ ጊዜ የለም አለች፣ እኔም እንጨት ስለካ አላስብም ብዬ ነው።»

«ታዲያ ለምን እኔን አላስለቀስከኝም? አብረን አልቅሰን፣ ከዚያ እንለካ ነበር።»

በዚህ ጊዜ ኢንዳርቲ የመጨረሻውን ጠብታ ስላይዱ ላይ አንጠባጥባ ሰዓቷን እያየች ደቂቃ ትቆጥር ነበር። ቀለሙ የሚፈልገውን፣ የሌላኛውን ዕጢ ምልክት፣ ካገኘ ቡናማ ይሆናል፤ ካላገኘ እንደነበረ ይቀራል። በዓይን ስታየው አንድ ነገር የጠቆረ መሰላት፤ ማመን አልፈለገችም። አጥባ፣ ሸፍና፣ ለዶክተሩ ሰጠቻቸውና እጇን ከጋዋኗ ኪስ ከታ ቆመች። ዶክተሩ መጀመሪያ ያዩት ዕጢውን አልነበረም። በጥቂቱ እዚህም እዚያም የሚገኙ፣ በማንኛውም ጨጓራ ውስጥ ቡናማ መሆን ያለባቸውን ሕዋሳት ፈለጉ፤ እነሱ ካልቀለሙ ቀለሙ አልሠራም ማለት ነው። «ሠርቷል» አሉ። ከዚያ ስላይዱን ወደ ዕጢው ገፋ አደረጉት። ኢንዳርቲ የዶክተሩን ጀርባ፣ የሸሚዛቸውን መጨማደድ፣ የማራገቢያውን ድምፅ ለየብቻቸው ታስተውላለች።

«ነይ እዪ» አሉ።

በመመልከቻው የሚታየው በሙሉ ቡናማ ነበር። እያንዳንዱ ረጅም ሕዋስ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀልሟል፤ በመካከሉ ሰማያዊ አስኳሉ ብቻ ይታያል። ኢንዳርቲ ይህን ዓይነት ስላይድ ከዚህ በፊት ስንቱን ሠርታለች፤ ስሙን ለጥፋ ወደ መሳቢያ መልሳዋለች። አሁን ዓይኗን ከመመልከቻው ማንሳት አቃታት፤ ካነሳች ዶክተሩ ፊቷን ያያሉ።

«አልቅሺና ጨርሺ» አሉ ዶክተሩ ወደ መስኮቱ ዞረው። «እኔ ሄጄ ለበሽተኛዋ ልንገር።»

ቡዴን ወደ ክፍላቸው ጠሯቸው። ሱገንግ ደጅ ልቆይ ቢል ቡዴ በእጅጌው ጎትተው አስገቡት። ዶክተሩ ሳይቸኩሉ ነገሯቸው። ዕጢው የጡንቻ አይደለም፤ ጂስት የሚባል ነው፤ ጨጓራ መቼ ሸብሸብ ማለት እንዳለበት ከሚነግሩት ሕዋሳት የሚነሣ። መጥፎ ወሬው እውነት ነው፦ ዕጢው ቁጡ ነው፤ ጉበት ላይ ያለውም የእሱ ልጅ ሳይሆን አይቀርም። ጥሩው ወሬ፣ ለዚህኛው በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን አለ። አያጠፋውም፤ ያስተኛዋል። ፊት ያሳብጣል፣ አንዳንዴም ያቅለሸልሻል። የቀለሙ ውጤት በወረቀት ከተጻፈ የመንግሥት መድን እንዲከፍል መጠየቅ ይቻላል፤ ወረቀቱን ነገ ጠዋት እሳቸው ራሳቸው ለካንሰር ሐኪሙ ያደርሳሉ።

«ለስንት ጊዜ ያስተኛዋል?» አሉ ቡዴ።

«አላውቅም። ዓመት ሳይሞላው የነቃባቸው አሉ። ዘጠነኛ ዓመቱን የያዘም አንድ ሰውዬ አለኝ፤ በየወሩ እየመጣ መኪናዬን የማቆምበት ቦታ ላይ ያቆማል።»

ቡዴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሱገንግ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ድምፅ ግን የለውም። ቡዴ ሳያዩት እጃቸውን ሰደው ጀርባውን መታ መታ አደረጉት፤ ሕፃን እንደሚያስገሱ። «ልጅህ ክፍሉን ይውሰድ» አሉ። «እኔ ፊት ለፊት ያለውን እፈልጋለሁ፤ ለስፌት ብርሃን አለው። የስፌት መኪናዬንም ከመጋዘን ታወጣልኛለህ። ዱሪያኑ ይቁም፤ ድሮም አልወደውም።»

«አትወጂውም?» አለ ሱገንግ ቀና ብሎ። «ሁለት ወር በላሽው እኮ።»

«በሰማንያ ሺህ ገዝተህ፣ ምን ላድርግ?»

ዶክተሩ ሳቁ። ከዚያ ቡዴ ማየት እንደሚፈልጉ ተናገሩ። «ከኔ ሥጋ ነው የወጣው፤ ሁላችሁም አይታችሁታል፣ እኔ ብቻ ነኝ ያላየሁት።» ኢንዳርቲ ወንበሩን ከፍ አደረገችላቸው። ቡዴ መነጽራቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉና አዩ። ጣታቸው በጠረጴዛው ላይ፣ ክር የሚከተል ይመስል፣ ቀስ እያለ ይሄዳል።

«ክሩ መልካም ነው» አሉ። «ሥራው ግን የተማሪ ነው፤ አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ። ማንም አልተቆጣጠረውም።» ወደ ዶክተሩ ቀና አሉ። «የኔስ የቱ ጋ ነው?»

«እንዴት ማለትዎ ነው፣ መምህርት?»

«በሽታው ይሄ ከሆነ፣ እኔ የቱ ጋ ነኝ?»

ዶክተሩ ስላይዱን ወደ ጠርዙ ወሰዱት። ከዕጢው ጋር አብሮ የተቆረጠ ጠባብ ቁራጭ ነበር፤ ጤነኛው የጨጓራ ሽፋን። ትንንሽ ጉድጓዶች ጎን ለጎን በእኩል ርቀት ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ በአንድ ረድፍ ሕዋስ ተከቧል፤ በሥራቸው ስስ የጡንቻ መስመር ቀጥ ብሎ ያልፋል። ቡዴ እዚህ ሲደርሱ ትንፋሻቸው ሲወጣ ተሰማ። «አሃ» አሉ። «ይሄ ጥሩ ሥራ ነው። ስልሳ ስምንት ዓመት ይዤው ስዞር፣ እንዲህ ያለ ሥራ መሆኑን ማን ነገረኝ?»

«እኔም ልይ» አለ ሱገንግ።

ቡዴ ተነሡለት። ዶክተሩ ወንበሩ ሲለቀቅ፣ እንደ ልማዳቸው፣ የማይክሮስኮፑን መብራት አጥፍተው ስልክ ለማንሳት ወደ ጠረጴዛቸው ሄደው ነበር። ሱገንግ ተቀመጠ፤ ዓይኖቹን አብሶ መመልከቻው ላይ ደገፋቸው።

«ይታይሃል?» አሉት ቡዴ።

«አዎ» አለ። «ያምራል፣ እትዬ። በጣም ያምራል።»

ኢንዳርቲ መብራቱ መጥፋቱን አየች። እጇን ሰደደችና አበራችው። ሱገንግ ደንገጥ አለ፤ ግን አልተነሣም። ዓይኑን ይበልጥ ወደ መመልከቻው አስጠጋ። ማራገቢያው ይዞራል፤ ዶክተሩ በስልክ ለመኪና ማቆሚያው ጠባቂ ይቆጣሉ፤ ሱገንግ ጎንበስ ብሎ ያያል።

በመጨረሻ ቡዴ ትከሻውን ነካ አደረጉት። «ፈቅ በል» አሉት። «እኔ አይቼ አልጨረስኩም።»